እናቴ የቀቀለችው ጥርስ

ከሚሴ ውስጥ ሙቀት ፕላስቲክን ምን እንደሚያደርገው ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም። ጉራዬ አይደለም፤ ፈላጊ የሌለው እውቀት ስለሆነ ነው። ለሁለተኛ ዲግሪዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ያጠናሁት ይህንኑ ነበር። አሁን እዚሁ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ፤ ከትምህርት ቤቱ ብዙም ሳልርቅ አንድ ክፍል ተከራይቼ ብቻዬን እኖራለሁ። አንድ ጊዜ ባለባጃጅ ምን እንዳጠናሁ ጠይቆኝ ስነግረው ሬዲዮኑን ከፍ አደረገው።

ነገሩ እኮ ከባድ አይደለም። እንደ ብርጭቆ ደረቅ ያለ ፕላስቲክ ውስጥ ረጃጅም ሞለኪውሎች ተጠላልፈው ይገኛሉ፤ በመካከላቸው ጥቂት ባዶ ቦታ አለ። ለተማሪዎቼ በሰንበቴ ከተማ የገበያ ቀን የሚሳፈሩበትን ሚኒባስ አስቡ እላቸዋለሁ፤ ከመታጨቃችሁ የተነሳ ክንዳችሁን እንኳ ማዞር አትችሉም። ፕላስቲኩ ሲሞቅ ባዶው ቦታ ይሰፋል፣ ሞለኪውሎቹም መላወሻ ያገኛሉ። ቶሎ ከቀዘቀዘ ደግሞ ሳይደላደሉ ባሉበት ይደርቃሉ። ያ ያልተደላደለው ነገር እንደገና ሙቀት እስኪያገኝ ድረስ ውስጡ ታምቆ ይቆያል። ሙቀቱን ሲያገኝ ቅርጹ ይበላሻል።

ባለፈው ዓመት ጨፋ ሮቢት የምትኖረውን እናቴን ደሴ ወስጄ ሰው ሠራሽ ጥርስ አሠራሁላት። ድዱ የሚሠራው ከዚሁ ዓይነት ፕላስቲክ ነው። እሷ በመስታወት ራሷን ስታይ ባለሙያው ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ "በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ትጠበው። የፈላ ውሃ እንዳታስነካው" አለኝ።

"ይሄንን ለእኔ ነው የምትነግረኝ?" ብዬ ሳቅኩበት። በመንገድ ሁሉ ሌላ ሌላውን ስናወራ መጣን፤ ለእሷ ሳልነግራት ቀረሁ።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከመግሪብ ሶላት ስትነሳ ትደውልልኝ ጀመር። ስለ ማሽላው ታወራለች፣ ስለ ጎረቤት ላም ታወራለች፣ በራሷ ወሬ ራሷ ትስቃለች። በቀን ውስጥ ከልቤ የምጠብቀው ነገር ያ ስልክ ብቻ ነበር።

አረፋ ሲደርስ የፈተና እርማት ይዞኝ ሳልሄድ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ መደወሏን ተወችው። እኔ ስደውል ታፍኖ በሚወጣ ድምፅ "ደህና ነኝ፣ አልሀምዱሊላህ" ትልና ትዘጋዋለች። ተቀየመችኝ አልኩ። እኔም ግትር ነኝ፤ ብትቀየም ትቀየም ብዬ መደወሉን ተውኩ። ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ ተኮራርፈን ከረምን። በመግሪብ ሰዓት ስልኬን አልጋው ላይ አስቀምጬ አየዋለሁ፤ ሆድ ይብሰኛል፣ ግን አልደውልም።

አንድ አርብ ክፍል ገብቼ ያንኑ ትምህርት ሳስተምር፣ ጠመኔውን እንደያዝኩ የባለሙያው ቃል ትዝ አለኝ። ያ የታፈነ ድምፅም አብሮ መጣብኝ። የኩርፊያ ድምፅ አልነበረም፤ ጥርስ የሌለው አፍ ድምፅ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት በሚኒባስ ጨፋ ሮቢት ሄድኩ። በሩ ላይ ስታየኝ በኦሮምኛ "ኮቱ፣ ኮቱ!" እያለች ነይ ግቢ አለችኝ፤ ደስ ብሏታል፣ ግን በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፍናለች።

"እማ፣ ጥርስሽ የታለ?"

ከሣጥኗ ውስጥ በጨርቅ የተጠቀለለውን ጥርስ አወጣችልኝ። ጥርሶቹ እንዳሉ ናቸው፤ ድዱ ግን ተጣሟል።

"ለአረፋ እንግዳ ብርጭቆ ስቀቅል፣ እሱም ይጥራልኝ ብዬ አብሬ ከተትኩት" አለች። "ወላሂ፣ ሳፍር ነው የከረምኩት። ያን ያህል ደክመሽ አሠርተሽልኝ! በድምፄ እንዳታውቂብኝ ነው ስልኩን ቶሎ ቶሎ የምዘጋው።"

የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚባለው ለእኔ ዓይነቷ ነው። ለሰው ልጅ ሁሉ የማስተምረውን ነገር ለእናቴ ብቻ አልነገርኳትም።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኳት። "ሰውየው ነግሮኝ ነበር፤ ያልነገርኩሽ እኔ ነኝ። በሚቀጥለው ሳምንት ደሴ ሄደን ሌላ እናሠራለን።"

"ተይው፣ ያ ኢንተላ፣ ተይው ልጄ" አለች እጄን ይዛ። "ብቻዬን ለምበላው ድዴ ይበቃኛል።"

እኔም ሠላሳ ሁለት ጥርሴን ይዤ ብቻዬን ነው የምበላው ልላት ነበር፤ አልወጣልኝም።