ለቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ ያስተረጎምኩበት ዓመት

ደብረ ማርቆስ ውስጥ እንግሊዝኛ ሳስተምር ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ከዚያ ሁሉ ዘመን ግን አዘውትሬ የማስበው ከጠመኔ ርቄ ያሳለፍኩትን አንዱን ዓመት ነው። የከተማችን የቅርጫት ኳስ ክለብ በጎረቤት አገር ሊግ ለመጀመሪያ ጊዜ የተወዳደረበት ዓመት ነበር።

ያ ሊግ ከውጭ አንድ ክለብ ለመቀበል ወስኖ ዕድሉ ለእኛ ደረሰ። ግማሹን ጨዋታ እኛ እዚያ ሄደን፣ ግማሹን እነሱ ወደኛ መጥተው እንድንጫወት ተስማሙ። አሰልጣኙም ከዚያው አገር መጣ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ አጠር ያለ፣ ሲናገር አዳራሹ የሚጠብበት ሰው ነበር። አማርኛ አያውቅም። የተጫዋቾቻችን የትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ደግሞ እሱ ሲፈጥን ትጠፋባቸዋለች። ስለዚህ የክለቡ ሥራ አስኪያጅ መምህራን ማረፊያ ድረስ መጣና "አንድ የውድድር ዘመን ብቻ፣ መምህር" ብሎ ለመነኝ። ርእሰ መምህሩ ፈቀዱልኝ። ስለ ቅርጫት ኳስ የማውቀው ኳሷ ከላይ መግባት እንዳለባት ብቻ ነበር።

በመጀመሪያው የልምምድ ቀን አሰልጣኙ አምበላችንን ጠራው። አምበሉ የጉንደ ወይን ልጅ ነው። ልጅነቱን ቅኔ ቤት ያሳለፈ፣ ድቁና የተቀበለ፣ በማንኛውም በር ሲገባ ጎንበስ ማለት የለመደ ረጅም ወጣት።

"ስትሮጥ አልጋ የተሸከምክ ትመስላለህ" አለው አሰልጣኙ። "እናቴ ትቀድምሃለች።"

አምበሉ ፊቴን እያየ ትርጉሙን ይጠብቃል።

"ትንሽ ፈጠን ብትል ጥሩ ነው ይላል" አልኩት። ጎንበስ ብሎ አመሰገነና ወደ ሩጫው ተመለሰ።

እኔ ያደግሁት ይጁቤ ነው። አባቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። ሲቆጡ እንኳ ቃሉን በሁለት ፍቺ ጠቅልለው ነው የሚሰጡት፤ ተማሪው መገሠጹን የሚያውቀው መንገድ ከጀመረ በኋላ ነው። እንዲህ ባለ ቤት አድጌ የሰውን ልጅ ፊት ለፊት "አልጋ የተሸከምክ ትመስላለህ" ማለት ከአፌ አልወጣ አለ። ደግሞ በዚያን ጊዜ መልካም የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያው የሜዳችን ጨዋታ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሆነ። ከሉማሜና ከይጁቤ በሚኒባስ የመጣ ሰው አዳራሹን ሞላው። ጋቢ ለደረቡ አባቶች የፊቱ ወንበር ተለቀቀላቸው። አብዛኛው ሰው ሕጉን ስለማያውቅ ኳሷ በገባች ቁጥር፣ የማንም ትሁን፣ ያጨበጭባል። እንግዶቹ መጀመሪያ ግራ ገባቸው፣ ኋላ ደስ አላቸው። አንዱማ ነጥብ ካስቆጠረ በኋላ ለሕዝቡ እጅ ነሳ። በሰፊ ልዩነት ተሸነፍን፤ ሰው ግን እየሳቀ ወጣ። አጠገቤ ተቀምጠው የነበሩ አንድ አዛውንት "ሁለቱም ጎበዞች ናቸው" አሉኝ። ያን ቀን ባስታወስኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። ያ ሁሉ ሰው አንድ ጣሪያ ሥር ተሰብስቦ፣ ማንም ማንንም ሳያስቀይም ያጨበጨበበት ቀን ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራችን መሸነፍ ሆነ። በአውቶቡስ አባይን ወርደንና ወጥተን አዲስ አበባ እንገባለን፤ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን እንሄዳለን፤ ተሸንፈን በመጣንበት እንመለሳለን። በየእረፍቱ አሰልጣኙ ላቡ እየተንጠባጠበ ይጮሃል። እኔ "በርቱ ይላል" እላለሁ። ልጆቹ ፈገግ ብለው ወደ ሜዳ ይገባሉ።

አንድ ቀን ከልምምድ በኋላ ኳስ ስንሰበስብ "በእናንተ ቋንቋ ቁጣ የሚባል ነገር የለም እንዴ?" አለኝ።

"አለ" አልኩት።

"ታዲያ ስቆጣ ለምን ይስቃሉ?"

ኳሶቹን ከረጢት ውስጥ ከትቼ የከረጢቱን አፍ ማሰር ጀመርኩ።

ሰባተኛውን ጨዋታ ተሸንፈን ስንመለስ አውቶቡሱ ሉማሜ ላይ ለሻይ ቆመ። አሰልጣኙ እንቅልፍ ወስዶት ውስጥ ቀረ። አምበሉ ብርጭቆውን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ።

"መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት?"

"ጠይቅ።"

"ትናንት በእረፍቱ ሰዓት አሰልጣኙ ደቂቃውን ሙሉ ተናገረ። እርስዎ 'ተረጋጉ' ብቻ አሉን። የቀረው የት ገባ?"

ጆሮዬ ሲግል ታወቀኝ። ልክደው አሰብኩ። ግን ይህ ልጅ ቅኔ ቤት ያደገ ነው፤ ከተባለው ሥር ያልተባለውን መፈለግ ተምሯል።

"የቀረው ስድብ ነው" አልኩት። "እንዳይከፋችሁ ብዬ ነው የተውኩት።"

ሻዩን ፉት አለና ብርጭቆውን አስቀመጠ።

"ስድቡም የእኛ ነው፤ ይስጡን። ለምን እንደምንሸነፍ ሳናውቅ ይኸው ሰባት ጊዜ ተሸነፍን።"

አልተቆጣም። እርስዎ እያለኝ፣ አንገቱን ደፋ አድርጎ ነው የተናገረው። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት አዳራሹ በር ላይ አሰልጣኙን ጠብቄ ሁሉንም ነገርኩት።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለኝ።

"ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።"

ፊሽካውን ካንገቱ አውልቆ ወንበር ላይ አስቀመጠና ወጣ። ተመልሶ ሲመጣም አላናገረኝም። ሁለት ቀን ሙሉ ልምምዱን በእጅ ምልክት አሠራ፤ እኔ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ያባርረኛል ብዬ ስጠብቅ በሦስተኛው ቀን አጠገቤ መጥቶ ቆመ።

"ከዛሬ ጀምሮ የምለውን ሁሉ በል" አለኝ። "እኔም የምለውን አስብበታለሁ።"

ቃሉን ጠበቀ ማለት ይቻላል። ቢያንስ እናቱን ዳግመኛ አላነሳም።

የሚቀጥለው ተጋጣሚያችን ከባሕር ዳርቻ የመጣ ጠንካራ ቡድን ነበር። የእንግዳው ቡድን ልጆች የእኛን ከፍታና ብርድ አልቻሉትም፤ ገና በእኩሌታው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አየር ይስባሉ። እንዲያም ሆኖ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው እኩል ነበርን። አሰልጣኙ እረፍት ጠይቆ አምበሉን አጠገቡ አቆመው። አልጮኸም።

"ፈርተሃል" አለው። "ኳሷን ለሌላው የምትሰጠው የሚስተው አንተ እንዳትሆን ነው።"

እንዳለ ተረጎምኩት። አንዲት ቃል አላጎደልኩም። አምበሉ ያየው እኔን ነው፤ አሰልጣኙን አላየም። ይህን ልጅ አጣሁት ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ወደ አሰልጣኙ ዞሮ፣ በራሱ እንግሊዝኛ፣ "እውነት ነው" አለው።

ሜዳ እንደገባ ኳሷን ወረወረና ሳተ። እንደገና ወረወረ፤ እንደገና ሳተ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በዚያው ያበቃ ነበር። በሦስተኛው ገባችለት፤ ከዚያ ሌላ ደገመ። በሦስት ነጥብ አሸነፍን።

ሕዝቡ ማለቁን ስላላወቀ አልተነሣም። እኚያ የመጀመሪያው ቀን አዛውንት ያን ዕለትም ነበሩና "ማን ረታ?" ብለው ጠየቁኝ።

"እኛ" አልኳቸው።

"እሰይ" አሉ። "በሉ ለእንግዶቹ ውሃ ስጧቸው፤ ደክሟቸዋል።"

ከዚያ በኋላ በሜዳችን ሦስት ጨዋታ አሸነፍን፤ ከሜዳችን ውጭ አንድም አላሸነፍንም። ከመጨረሻው አንድ ደረጃ ከፍ ብለን ጨረስን። በሚቀጥለው ዓመት ጉዞው አስቸጋሪ ሆነና ክለቡ ከሊጉ ወጣ። አሰልጣኙ አገሩ ገባ፤ ልጆቹም በየፊናቸው ሄዱ። እኔ ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። መጀመሪያ ሰሞን አንድ ተማሪ አጥፍቶ ተግሣጼን ላለዝብ ባልኩ ቁጥር፣ በእረፍት ሰዓት ክብ ሠርተን የቆምንበት ቦታ፣ የላቡና የጎማው ሽታ ድንገት ይመጣብኝ ነበር።

አምበሉ ዛሬ ጉንደ ወይን ስፖርት ያስተምራል። ፈተና ለመቆጣጠር ወደዚያ ስላክ ምሳ አብረን እንበላለን። ስለዚያ ዓመት ስናወራ ግን ስላሸነፍነው ጨዋታ እምብዛም አናነሳም። የምናነሳው አንዲት ጠዋት ነች።

ገና ምንም ሳናሸንፍ በፊት ነው፤ በባሕር ዳርቻው ከተማ ክፉኛ በተሸነፍን ማግስት አሰልጣኙ በየክፍላችን እያንኳኳ ቀሰቀሰንና ወደ ባሕሩ ወሰደን። እኔን ጨምሮ ከመካከላችን ባሕር አይቶ የሚያውቅ አልነበረም። ልጆቹ የክለቡን ቱታ እንደለበሱ አሸዋው ላይ ተደርድረው ቆሙ። ከዚያ አምበሉ ጫማውን አወለቀ፣ ካልሲውን አጣጥፎ ጫማው ውስጥ ከተተ፣ ሱሪውን ሰብስቦ እስከ ጉልበቱ ገባ። ውሃውን በእፍኙ ቀድቶ ቀመሰና ፊቱን አጨማደደ።

"እውነትም ጨው ነው" አለን።

አንድ በአንድ ጫማችንን ማውለቅ ጀመርን።