በትኩስ ብየዳ ላይ ያፈሰስኩት ውሃ

ፈሪ ነኝ። ይህን ስናገር የሚስቁብኝ ብዙ ናቸው፤ ዕድሜውን ሙሉ ከእሳት ጋር የኖረ በያጅ ምን ያስፈራዋል ይላሉ። እሳቱን አልፈራም። የምፈራው በይጄ የጨረስኩት ብረት ከጋራዡ በር ወጥቶ ሲሄድ ነው። የግቢ በር ብየዳ ቢላቀቅ በሩ ይወድቃል፣ ባለቤቱ ይሰድበኛል፣ መልሼ እበይዳለሁ፣ አለቀ። የመኪና የፊት አክስል ግን እንዲህ አይደለም። የፊት ጎማዎቹ የቆሙት በእሱ ላይ ነው፣ መሪውም የሚታዘዘው እሱ እስካለ ድረስ ነው። ቁልቁለት ላይ ለሁለት ቢከፈል ሹፌሩ የጨበጠው መሪ ከጌጥ አይሻልም። ስለዚህ ከሚሴ ውስጥ የፊት አክስል ተጎዳብኝ የሚል ሹፌር በመጣ ቁጥር ወደ ሌላ ጋራዥ ልሰደው ያምረኛል። እምቢ ማለት ደግሞ አልችልበትም።

ያን ቀን የመጣው አብሮ አደጌ ነበር። በአራቱም ጎማ የሚጎትት አሮጌ የጭነት መኪና አለው፤ የጨፋን ሜዳ አቋርጦ፣ ቦርከናን ተሻግሮ፣ ከወንዙ ማዶ ወዳሉት የቆላ መንደሮች ማሽላም ሰውም ያመላልስበታል። ጎርፍ የወንዙን መውረጃ ቦርቡሮት ስለነበር አንድ ጉድጓድ ውስጥ ዘጭ ብሎ ወጥቷል። በክሪክ አንስተን ከሥሩ ስናየው በግራ በኩል፣ ጭነቱን የሚሸከመው ተደራራቢ ብረት፣ ባሌስትራው፣ ከሚቀመጥበት ቦታ አጠገብ፣ የአክስሉ ቱቦ ጎብጦ ተሰንጥቋል።

«አካም ጅርታ፣ ሐኪሙ?» ብሎ በኦሮምኛ ደህንነቴን ጠየቀኝ እየሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወና፣ «ነገ ረፋድ ላይ የሰፈራችንን ሴቶች ለቅሶ ላደርስ ቃል ገብቻለሁ። ወላሂ እንዳታሳፍረኝ» አለ።

ለቅሶው ከወንዙ ማዶ ነው። የሞቱት ሰው ከሰፈራችን ግማሹ ጋር ይዛመዱ ስለነበር ሃያ የሚሆኑ ሴቶች ለመሄድ ተሰናድተዋል። እናቴም ከእነሱ አንዷ ናት።

ቱቦውን በዚያው ቀን አቃናነው። በጋዝ አግዬ፣ በሰንሰለት ወጥሬ፣ በክሪክ እየገፋሁ ወደ ቦታው መለስኩት፤ ስንጥቁንም እስከ ሥሩ ሞርጄ በብየዳ ሞላሁት። ይህ ብቻውን ግን አይበቃም። ከሥሩ ሌላ ብረት ካልደገፈው በሚቀጥለው ጉድጓድ እዚያው ቦታ ላይ ይከፈታል። ለዚህ የሚሆነው ወፍራም ጥቁር ላሜራ ነው፤ እሱ ደግሞ አልቆብኝ ነበር፣ ከኮምቦልቻ እስኪመጣ ቢያንስ አንድ ቀን ይፈጃል። በእጄ የነበረው ግድግዳ ጥግ የተጣለ አሮጌ ባሌስትራ ብቻ ነው።

ባሌስትራን ሹፌር ሁሉ ያመልከዋል። መኪናውን የሚሸከም ብረት ከየትኛው ብረት ያንሳል ይላሉ፤ ተጨማሪ ጥንካሬ ሲፈልጉ «ባሌስትራ ለጥፍበት» ብለው ያዛሉ። ሥራውን ያስተማረኝ ሰውዬ ግን፣ አላህ ይዘንለትና፣ ባሌስትራ ለመበየድ ክፉ ብረት ነው ይለኝ ነበር። የግድ ከሆነብህ መጀመሪያ አሙቀው፤ ስትጨርስም በትኩስ አመድ ሸፍነህ ግማሽ ቀን አትንካው፤ በድንገት ከቀዘቀዘ እንደ ሸክላ ይሰነጠቃል ይል ነበር። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። የማላውቀውን አድርጌ ቢሆን ኖሮ ዛሬ እንዲህ አላፍርም ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ባሌስትራውን ቆርጬ፣ አሙቄ፣ ከአክስሉ ሥር በሁለቱም ጎን በየድኩት። ያማረ ብየዳ ነበር፤ ጓደኛዬ አንገቱን አስግጎ አየና «ማሻአላህ» አለ። አመዱንም በጆንያ አዘጋጅቻለሁ። ጆንያውን ከአክስሉ ጋር በሽቦ አስሬ እስከ አሥር ሰዓት ልተወው ነበር ሐሳቤ። ሴቶቹ ቢቆጡም ይቆጡ ብዬ ቆርጫለሁ።

ይሄኔ ሽማግሌዎቹ ደረሱ።

እኛ ሰፈር ከባድ ጥገና ያየ መኪና ዱአ ሳይደረግለት ከጋራዥ አይወጣም። ሦስት ሽማግሌዎች ይጠራሉ፣ ምንጣፍ ይነጠፋል፣ ጫት ይቀርባል፣ መኪናውም ሠሪውም ተሳፋሪውም ይመረቃል። ጓደኛዬ ጠርቷቸው ኖሮ ከቀጠሮው ቀድመው መጡ፤ ከእኛ በኋላ የተጣሉ ወንድማማቾችን ለማስታረቅ ይሄዳሉ። ምንጣፉ ከመኪናው ፊት ተነጠፈ። ሴቶቹም መጥተው በአጥሩ ጥላ ሥር ተቀመጡ። እኔ ገና በጀርባዬ መኪናው ሥር ተኝቻለሁ፣ ብየዳው ይጨሳል፣ ከምንጣፉ በኩል የሚታየው እግሬ ብቻ ነው።

«ልጄ፣ ውጣና ተቀመጥ እንጂ» አሉ በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ። «የሚጨስ ነገር እያለ ምን ዱአ ይደረጋል?»

ሽማግሌ አስቀምጦ መኪና ሥር እንደ ተኙ መቅረት ነውር ነው። አመዱን ልሰር ብል ሌላ ሩብ ሰዓት ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ መኪናው እስከ አሥር ሰዓት አይነሳም ብዬ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መናገር አለብኝ። ሁሉም ዓይን እግሬ ላይ ያረፈ መሰለኝ። አጠገቤ ውሃ የሞላ ጀሪካን ነበር። አነሳሁና ብየዳው ላይ አፈሰስኩት። ቹሽሽ ብሎ እንፋሎቱ ፊቴን ሸፈነኝ። ጭሱ ጠፋ። ወጥቼ እጄን ታጥቤ ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩ።

ዱአው ተጀመረ። መዳፋችንን ዘርግተናል። ሽማግሌው መንገዱን መረቁ፣ ሹፌሩን መረቁ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «ይህን የሠራ እጅ አላህ አያድክመው፤ በዚህ እጅ ሥራ የሚሄድ ሁሉ በሰላም ይመለስ» አሉ።

ቀጭ።

ትንሽ ድምፅ ነበረች። ከመኪናው ሥር አንድ ጊዜ ብቻ ተሰማች። እኔ ግን ከመቶ ድምፅ እለያታለሁ፤ የተበየደ ብረት ሲሰነጠቅ እንዲህ ይላል። ከማጅራቴ እስከ ወገቤ በረዶ የፈሰሰብኝ መሰለኝ። አሁን ተናገር አልኩ ለራሴ። ተነስና አቁሙ በል። ሽማግሌው እጄን እየመረቁ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ፣ ሥራዬ አሁን ተሰበረ ልበል? ሁሉም «አሚን» አሉ። እኔም አልኩ፤ ድምፄ እንዳይከዳኝ ፈርቼ ከሁሉም ጮክ አድርጌ «አሚን!» አልኩ። ጓደኛዬ ቀና ብሎ አየኝ። ደስ ብሎት መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ ፈጠነብኝ። ሽማግሌዎቹ ተነሱ። ክሪኩ ወረደ። ሴቶቹ እየተረዳዱ መኪናው ላይ ወጡ። ጎማው አጠገብ በርከክ ብዬ ልይ ስል አንዱ የሰፈር ሰው «አብሽር፣ ጨርሰሃል እኮ» ብሎ በክንዴ አነሳኝ። ምናልባት ሌላ ብረት ይሆናል፣ ምናልባት የባሌስትራው ፒን ይሆናል እያልኩ ራሴን አባበልኩ። እናቴ ከጎረቤታችን አጠገብ ተቀምጣለች። ጎረቤታችን በልጅነቴ እናቴ ገበያ ስትውል እኔን ያበሉኝና ያጥቡኝ የነበሩ ሴትዮ ናቸው፤ ግማሽ እናቴ ናቸው ማለት እችላለሁ። ሞተሩ ተነሳ።

ከመኪናው ጎን ተንጠላጥዬ፣ «እማ፣ ውረጂ» አልኳት በሹክሹክታ። «ነገ እኔ እወስድሻለሁ። ውረጂ።»

እናቴ ፊቴን አየች። ምን እንዳየችበት አላውቅም፤ ወረደች።

«ምነው፣ ምን ሆነች?» አሉ ጎረቤታችን።

«ጉልበቷን አሟታል» አልኩ።

«ውይ፣ አፊያ ያርጋት!» አሉ። መኪናው ወጥቶ ሄደ።

እናቴ አቧራው እስኪረግፍ ጠበቀች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ጉልበቴ ደህና ነው። አሁን ተናገር» አለች። ተናገርኩ። ስለ ባሌስትራው፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ድምፁ፣ ሁሉንም። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። «እኔን አወረድከኝ» አለች ቀስ ብላ። «እነሱስ የማን እናት ናቸው?» ሻርፗን አጥብቃ፣ መኪናው በሄደበት መንገድ በእግሯ መራመድ ጀመረች። መኪናውን በእግሯ ልትደርስበት! ሮጬ ክንዷን ብይዛት አስለቀቀችኝ።

ስልክ ደወልኩ፤ ጥሪ አይቀበልም። የጨፋን ሜዳ ከገቡ በኋላ ኔትወርክ የለም። ከጋራዡ አጠገብ ያለውን ጎማ ጠጋኝ ሞተር ሳይክሉን ለመንኩና ተነሳሁ፤ እናቴን ገና ከከተማው ሳትወጣ አለፍኳት። እኔ ሞተር እፈራለሁ፤ በሕይወቴ ሦስት ጊዜ ብነዳ ነው። ያን ቀን ግን ሞተሩን መፍራቴን እንደረሳሁ ያወቅኩት ብዙ ከሄድኩ በኋላ ነው፤ ሌላው ፍርሃት ቦታ አልተወለትም። በየማሽላው እርሻ ጥግ ስታጠፍ የተገለበጠ መኪና የማይ ይመስለኛል። ሳር ላይ የተበተነ የሴት ጫማ ይታየኛል። መንገድ የዘጉ ከብቶች ጋ ስደርስ ለእረኛው በአማርኛም በኦሮምኛም እየጮህኩ መኪና አልፎ እንደሆነ እጠይቃለሁ፤ እሱ ቀዝቀዝ ብሎ በበትሩ ወደ ወንዙ ያመለክታል። ወደ ወንዙ! ቁልቁለቱ ያለው እዚያ ነው። «ያረቢ፣ ያረቢ» እያልኩ ነዳሁ፤ ለእነሱ ይሁን ለራሴ የምለምነው አላውቅም። እውነቱን ከተናገርኩ ሰዎቹ ከመሞታቸው ይልቅ እኔ ገዳይ መሆኔ ያስፈራኝ ጊዜ ነበር።

ከወንዙ መውረጃ አፋፍ ላይ ከአንድ ትልቅ ግራር ሥር ቆመው አገኘኋቸው። ዙሁር ደርሶባቸው ሊሰግዱ ወርደው ነበር። ሴቶቹ ሰግደው ጨርሰው ሊሳፈሩ ሲነሱ ደረስኩ። መኪናው አፍንጫውን ወደ ቁልቁለቱ አድርጎ ቆሟል። ሞተሩን ጣልኩትና ማንንም ሰላም ሳልል መኪናው ሥር ገባሁ።

ስንጥቁ ከብየዳው ጠርዝ ተነስቶ ባሌስትራውን ቆርጦ፣ ወደ አክስሉ ቱቦ ዘልቋል። ጥፍሬን ብሰድ ገባ። ከዚያ በላይ አንድ ቁልቁለት አይችልም ነበር። እዚያው በጀርባዬ እንደ ተኛሁ አለቀስኩ።

ጓደኛዬ ጎንበስ ብሎ ገባ። በጣቴ አሳየሁት። ስንጥቁን በአውራ ጣቱ ዳበሰው።

«ድምፁን እኮ ሰምቼዋለሁ» አለ። «ዱአው ላይ። ቀጭ ሲል ሰማሁና ቀና ብዬ አየሁህ። አንተ ከሁሉም ጮክ ብለህ አሚን አልክ። እንግዲያው ደህና ነው ማለት ነው ብዬ ተነሳሁ።»

«ሰው እንዳይሳፈር» ብቻ አልኩ።

ወጣን። ጓደኛዬ መኪናው እንደማይሄድ፣ ከዚህ በእግር መሻገር እንዳለባቸው ለሴቶቹ ነገራቸው። ማንም አልተቆጣም። «አልሀምዱሊላህ፣ እዚህ መታየቱ» አሉ። አንዷማ ለእኛ ብለህ ይህን ሁሉ መንገድ መጣህ ብለው እጄን ሊስሙ ነበር፤ ሸሸሁ። ጫማቸውን እያወለቁ ወደ ውሃው መውረድ ጀመሩ። ጎረቤታችን ግን ወደ ኋላ ቀሩና ወደ እኔ መጡ።

«እናትህስ ልጄ? ጉልበቷ ተሻላት? መንገዱን ሙሉ እሷን ሳስብ ነው የመጣሁት» አሉኝ።

ተሻላት ማለት ይቻል ነበር። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዓይናቸውን ሳይ ግን አልወጣልኝም።

«ጉልበቷን አላመማትም» አልኳቸው።

ወዲያው አልገባቸውም። ፈገግታቸው እንዳለ ወደ መኪናው አዩ፣ ወደ እኔ አዩ፣ ከዚያ ወንዙ ውስጥ እየተያያዙ የሚሻገሩትን ሴቶች አዩ። ፈገግታው ቀስ እያለ ሲጠፋ እዚያው ቆሜ ተመለከትኩት። ቀሚሳቸውን ሰብስበው ቁልቁለቱን ወረዱ።

አክስሉን በኋላ በጥቁር ላሜራ ደግፌ እንደገና ሠራሁት፤ እስከ ዛሬም ይዟል። ጓደኛዬም እኔ ዘንድ መምጣቱን አልተወም። ሽማግሌዎቹም ሌሎቹ ሴቶችም የማውቀውን አያውቁም። ጎረቤታችንን በየቀኑ ማለት ይቻላል አገኛቸዋለሁ። መንገድ ላይ ቆመው እንደ ወጉ አስረዝመው ሰላም ይሉኛል፤ ሥራ እንዴት ነው፣ ሚስትህ፣ ልጆችህ፣ ጤና፣ ሁሉ ሰላም ይሉኛል። ስለ እናቴ ግን አይጠይቁኝም።