የሀሊማ ወጠጤ ጥርስ

ዛሬ ጠዋት እዚሁ ሰፈራችን ካርቲየ 7 ቢስ የጎረቤቴን የሀሊማን ወጠጤ አረድኩ። ሆዱን ስከፍተው እንደ ገመድ የተጠመጠመ ፌስታል ወጣ።

ትናንት ከስቶባት "አባ፣ መድኃኒት ልግዛለት ወይስ ይታረድ?" ብላኝ ነበር። ለፍየሎቿ የነበራት ወንድ እሱ ብቻ ነው።

ከንፈሩን ገልጬ የፊት ጥርሱን አየሁ፤ ተበልቶ አልቋል። "አርጅቷል፣ ሳይሞትብሽ ይታረድ" አልኳት። ድሬዳዋ ከብት ተራ የፍየል አፍ እየከፈትኩ ነው ያደግኩት፣ ማን ይከራከረኛል? (የኔን አፍ የከፈተ ግን መቶ ዓመት ይሰጠኛል።)

ጭንቅላቱን ስንበልት የመጨረሻው መንጋጋ ጥርሱ ገና ከድዱ ብቅ እያለ ነው። ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም! የፊት ጥርሱን የጨረሰው መንገድ ላይ የሚበላው አሸዋና ካርቶን ነው።

ሀሊማም አየችው። "ልጅ ነበር እኮ፣ አባ!"

"ፌስታሉ ይገድለው ነበር" አልኳት። እውነቴን ነው። አርጅቷል ያልኩት ግን እኔ ነኝ።

ሟች ባለቤቴ ብትኖር "ሆዱንስ ዳሰስከው?" ትለኝ ነበር። አልዳሰስኩትም።

ከተማ ውስጥ ፍየል የምታረቡ፣ ዕድሜውን በምን ትለያላችሁ? ጻፉና ለሀሊማ አነብላታለሁ። ነገ ሌላ ወጠጤ ልትገዛ ነው፤ አብረውኝ ይሂዱ አላለችኝም።