ፎጣ ማጠፊያው ላይ የሰማነው የፈረንሳይ ልብ ወለድ

ሥራ የጀመርኩ ቀን ያስተማሩኝ አንሶላ መያዝ ነው። አንሶላ መያዝ ማን ይጠፋዋል ብዬ ነበር የገባሁት። ቦታው ካልጋሪ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከዋይትሆርን ሰፈር ብዙም የማይርቅ የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ፋብሪካ ነው። መተኮሻው ማሽን ፊት ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ቆመው የአንሶላውን ጫፍ ይይዛሉ፣ አንዴ ያራግፉታል፣ ከዚያ እኩል ለማሽኑ ያጎርሱታል። አንዷ ከቀደመች ይጨማደዳል። እኔ ቀደምኩ። ሱፐርቫይዘሩ ግሌን መጥቶ ማሽኑን አቆመና ወደ ፎጣ ማጠፊያው ጠረጴዛ ወሰደኝ። ጡረታ እስክወጣ በዚያው ቀረሁ።

ፎጣ ማጠፍም ሙያ አለው። የገላ ፎጣ በቁመቱ ሦስት ቦታ ይታጠፋል፣ ከዚያ ለሁለት። ስፌቱ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ድፍኑ ጠርዝ ወደ ውጭ ይሆናል። ሆቴሉ መደርደሪያው ላይ ስፌት ካየ ጋሪውን እንዳለ ይመልሰዋል። እጅ ከለመደ በኋላ ግን ሐሳብ አይጠይቅም፤ ጆሮም ሥራ ይፈታል። የፈረንሳይ ልብ ወለድ የገባው በዚያ በኩል ነው።

ጠረጴዛችን ላይ አምስት ነበርን፤ ሁላችንም አማርኛ ተናጋሪዎች። በዕድሜ የሚበልጡን ጋሼ ዮሐንስ ነበሩ፤ የአስመራ ልጅ፣ በአማርኛ የተማሩ፣ አዲስ አበባ ፈረንሳይኛ ሲያስተምሩ የኖሩ። አልማዝ ሳድል ሪጅ ሰፈር ከባሏና ከልጆቿ ጋር የምትኖር፣ በአማርኛ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ውስጥ ያለች ሴት ናት። የቀሩት ሁለት እህትማማቾች ሲሆኑ፣ ከሳቅ በቀር ብዙ አይወጣቸውም።

አንድ ቀን ከሰለቸኝ ብዛት፣ «ጋሼ፣ እነዚያ ፈረንሳዮች ምንድነው የሚጽፉት? ላቭ ስቶሪ ነው?» አልኳቸው።

«ፍቅርም አለበት» አሉ። «ግን እነሱ የሚጽፉት እንጀራ ሲጠፋ ፍቅሩ ምን እንደሚሆን ነው።»

ከዚያ አስረዱን። በአንድ ዘመን የተነሡ ደራሲዎች የመኳንንቱ ወግ ሰለቻቸውና ወደ ማዕድን ጉድጓዱ፣ ወደ ገበያው፣ ወደ ልብስ ማጠቢያው ወረዱ። ሐኪም በሽተኛን እንደሚመረምር ኅብረተሰቡን መረመሩት። ሰው ከዘር ከወረሰውና ከሚኖርበት ኑሮ የሚያመልጥበት መንገድ ጠባብ ነው አሉ።

«ልብስ ማጠቢያ ያሉት እኛን ነው?» አልኩ።

«እናንተን ነው» አሉ፤ «እኔንም» ብለው ጨመሩ።

ያን ሰሞን ከወጣትነታቸው ጀምሮ የሚወዱትን አንድ ልብ ወለድ ይተርኩልን ጀመር። ታሪኩ የጡብ ፋብሪካ ባለበት መንደር ነው። ሠራተኞቹ አድመዋል፤ የፋብሪካው ባለቤት የአድማውን መሪ ስም የሚነግረው ሰው ይፈልጋል። አንዲት ሴት፣ ባሏ እጁን የተሰበረባት፣ ስሙን ታውቃለች። ደራሲው ሴትዮዋን ወደ ባለቤቱ በር ከመውሰዱ በፊት ጓዳዋ ውስጥ ይከርማል፤ ባዶው ድስት፣ እርጥብ ግድግዳው፣ የልጆቹ ሳል።

እኔ ደግሞ ትዕግሥት አልፈጠረብኝም። «ጋሼ፣ ኧረ ሴትዮዋን ያድርሷት! ድስቱን እኮ ጨረስነው!»

«ታገሺ፣ ሰብለ። ደራሲው የደከመው ለድስቱ ነው።»

አልማዝ ደግሞ ሌላ ነገር ነበር የሚከነክናት። «ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች አንድ ቀን እንኳ አይጸልዩም?»

«ይጸልያሉ። ደራሲው ግን መልስ ሲመጣ አላየም፤ ያላየውን አይጽፍም።»

«እንግዲያው ምኑን ሐኪም ሆነ? ሕመሙን ተናግሮ የሚሄድ ጠያቂ ነው እንጂ።»

ጋሼ ከልባቸው ሳቁ። እንደዚያ የሚከራከራቸው ተማሪ የነበራቸው አይመስለኝም።

ጋሼ ዮሐንስ ሲተርኩ በእጃቸው ነው የሚናገሩት። በር ሲንኳኳ ያንኳኳሉ፣ ሴትዮዋ ፊቷን ስትሸፍን ይሸፍናሉ፤ ፎጣው ትከሻቸው ላይ ይቀራል። ታላቅ ሰው እያጫወተን «ጋሼ፣ እጅዎ» ማለት ነውር ሆነብን። ሳንነጋገር ጋሪያቸውን ለአራት ተከፋፈልነው። ፋብሪካው የሚከታተለው የጠረጴዛውን ሥራ እንጂ የእያንዳንዱን ሰው ስላልነበር፣ ማንንም የጎዳን አልመሰለንም። እንዲያውም ደስ ይለን ነበር።

ከዚያ የነዳጅ ዋጋ ወደቀ። ዳውንታውን ያሉት የነዳጅ ካምፓኒዎች ሠራተኛ መበተን ጀመሩ፤ ለስብሰባ የሚመጣው ሰው ቀረ። ሆቴል ካልተያዘ ፎጣ አይቆሽሽም። ተትረፍርፎ ይመጣ የነበረው ጋሪ ግማሹ ባዶ ሆኖ ይመጣ ጀመር። የአልማዝ ባል ከሚሠራበት የቁፋሮ ካምፓኒ ሌይኦፍ ተደረገ። አልማዝ ምሳ ሰዓት ላይ ጾም ነኝ ማለት አበዛች። ጾሙ የጸሎት ይሁን የሌላ፣ አልጠየቅናትም።

እኔ ያኔ ሊድ ሃንድ፣ የጠረጴዛው ተጠሪ፣ ሆኛለሁ። ግሌን ቢሮው ጠርቶ ከየጠረጴዛው አንድ ሰው እንደሚወጣ ነገረኝ። ሰዓታችንን ቀንሰህ ለአምስታችን አካፍለን አልኩት። ዋናው መሥሪያ ቤት የሚፈልገው የሰው ቅነሳ ነው፣ የሰዓት አይደለም አለኝ። ከዚያ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞረና ጠረጴዛችንን አሳየኝ።

«ሽማግሌው ሁልጊዜ ቆሞ ያወራል። ሥራችሁ ግን በሰዓቱ ያልቃል። በአራት ሰው የሚያልቅ ሥራ ነው ማለት ነው?»

ለጋሼ የዋልነው ውለታ በጋሼ ላይ ምስክር ሆኖ ቆመ። «ከማናችንም በላይ ይሠራሉ» ብዬ ዓይኔን ሳላሽ ዋሸሁ። እህትማማቾቹንም ጠየቃቸው፤ እነሱም ዋሹ። በመጨረሻ አልማዝን ጠራት።

ተመልሳ መጣችና ጋሼ ፊት ቆመች። «ጠየቀኝ፣ ጋሼ። እርስዎ አያጥፉም፣ እኛ ነን የምናጥፍልዎት አልኩት። መዋሸት አልችልም።»

ጋሼ ፎጣውን ከትከሻቸው አወረዱና አጠፉት። ስፌቱ በውጭ ቀረ። ማንም አላስተካከለውም።

በሳምንቱ ጋሼ ተሰናበቱ። የመንግሥት ጡረታ ለመቀበል ዕድሜያቸው ገና ነው፤ ሌላ ቦታ ደግሞ በዚያ ዕድሜ የሚቀጥራቸው የለም። ዋይትሆርን ባንድ ክፍል አፓርታማ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። እኔ ተቃጠልኩ። አልማዝን ልብስ መቀየሪያው ጋ ያዝኳት።

«ባልሽ ሌይኦፍ ባይደረግ ኖሮ እውነት መናገር ትዝ ይልሽ ነበር?»

«ሰብልዬ» አለች እንባዋ እየወረደ፣ «እኔም ራሴን የምጠይቀው እሱን ነው። ለእውነቱ ይሁን ለልጆቼ ያልኩት፣ አላውቅም። ሪሊ፣ አላውቅም።»

ጋሼን እስከ ሲ-ትሬን ባቡር ጣቢያው ሸኘኋቸው። አልማዝ ያለችውን ነገርኳቸው።

«ያ ደራሲ ቢሆን የአልማዝን ኪችን ይጽፍና ሌላ ምክንያት አይፈልግም» አሉ። «እሷ ደግሞ በእምነቷ ነው የሄደችው። እኔ ሁለቱም እውነት ይመስለኛል።»

«አልተቀየሟትም?»

«እንዴት አልቀየምም! ሥራዬ ነው እኮ። ግን ደግሞ ገብቶኛል።» ባቡሩ መጣና ገቡ።

ጠረጴዛው ላይ የሚተርክ ጠፋ። ለአልማዝ ሰላምታ እንሰጣታለን፣ ከዚያ አያልፍም። ልብ ወለዱም እንደተንጠለጠለ ቀረ፤ ሴትዮዋ የፋብሪካው ባለቤት በር ላይ ደርሳ እጇን እንዳነሣች ነበር የቆመው።

አንድ ሰኞ አልማዝ አንገቷን ሳታቀና፣ «አንኳኳች» አለች።

«ማን?»

«ሴትዮዋ። በሩን አንኳኳች። ቅዳሜ ጋሼ ቤት ሄጄ ነበር።»

ይቅርታ ልትጠይቅ ነው የሄደችው። ጋሼ ይቅር ብዬሻለሁም፣ አላልኩሽምም አላሏትም። ወንበር ሰጧትና ያልጨረሱትን ተረኩላት። እሷም አሁን ለእኛ ትተርክልን ጀመር፤ ሦስት ቦታ እያጠፈች፣ ለሁለት እየደገመች። ሴትዮዋ የባለቤቱ ሳሎን ገብታ የመሪውን ስም ስትናገር፣ አልማዝ ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም፣ ቶሎም አላለፈችውም። መሪው ሲታሰር ሚስቱ ምን ብላ እንደጮኸችም ነገረችን። ለሴትዮዋ አንዲት ማመካኛ አልፈለገችላትም።

«ከዚያ ዱቄት ይዛ ቤቷ ገባች። ጋገረች። ልጆቹ በሉ። ባሏ ዱቄቱን ከየት አመጣሽው አላት። ነገረችው።»

«እሺ?»

«በላ።»

ከእህትማማቾቹ አንዷ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ከዚያስ?»

«እዚያ ላይ ያልቃል።» አልማዝ ያጠፈችውን ፎጣ ክምሩ ላይ አስቀመጠች። «እኔ ብሆን እዚያ ላይ አልጨርሰውም ነበር። ለጋሼም ነግሬያቸዋለሁ። ቅዳሜ ነይና ክርክርሽን ቀጥዪ አሉኝ።»

ያን ቀን ምሳችንን ከአልማዝ ጋር በላን። ልቤ ሙሉ በሙሉ አልረጋም ነበር፤ ግን ከሳህኔ አካፈልኳት፣ እሷም ጾም ነኝ አላለችም። ጋሼ ዮሐንስ ግን ወደ ሥራ አልተመለሱም። ግሌን ሦስት ጊዜ ጠይቄው ሦስቴም እምቢ አለኝ።

ከዚያ በኋላ ሊድ ሃንድ ሆኜ በሠራሁበት ዘመን ሁሉ አንድ ደንብ ነበረኝ። ጠረጴዛዬ ላይ የፈለገ ይተርካል፣ የፈለገ ይዘምራል፤ እጁ ግን ያጥፋል። ሰው ማገዝ ካማራችሁ ፎጣውን አትውሰዱበት። አለቃ የሚያየው የታጠፈውን ፎጣ ሳይሆን ባዶውን እጅ ነው።