ሰሜን የት ሄደ?

ኤደልሚራ ባሪያ በባሏ ጀልባ ሠላሳ አንድ ዓመት የተጓዘችው ፊቷን ወደ ኋላ አዙራ ነው። ኤላዲዮ መሪውን ይዞ ወደ ፊት ያያል፤ እሷ ጀልባዋ ጭራ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀምጣ የተሳፋሪውን የድንች ከረጢት፣ ዶሮና ሕፃን ትጠብቃለች። ከደሴታችን እስከ አቻዎ ከተማ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። እኔ የደሴቲቱ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ተመላልሼም ባሕር አልተስማማኝም፤ ስለዚህ ቦታዬ ከኤደልሚራ ጎን ነበር፤ ሲያስታውከኝ ባልዲውን የምትይዝልኝም እሷ ነበረች።

ባለፈው ዓመት ኤላዲዮን ስትሮክ መታው። ነፍሱም ምላሱም ተረፉ፤ ቀኝ እጁ ግን እምቢ አለ። ኤደልሚራ የጀልባ መንጃ ፈቃድ ከያዘች ስምንት ዓመቷ ቢሆንም መሪ የነካችው በጣት በሚቆጠር ቀን ነው። የመንደሩ ስብሰባ እንዲህ ወሰነ፦ የኤላዲዮ ታናሽ ወንድም ኖልቤርቶ አብሯት ይሂድና ይመስክር። ከቻለች የማመላለሻው ሥራ ለእሷ ይሆናል፤ ካልቻለች ጀልባዋን ኖልቤርቶ ይረከባል። ጀልባዋ ከሄደች እቤት የሚቀረው አንድ ምድጃና ሁለት የተኮራረፉ ሰዎች መሆኑን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

በመጀመሪያው ሙከራ ወደ ሰሜን፣ ወደ ከተማ ስንሄድ ኖልቤርቶ የሚተችበት አጥቶ ስለ ዝናቡ አማረረ። ጉዱ የመጣው ስንመለስ ነው። ደሴታችን ልንደርስ ስንል ውሃ የዋጠው አለት ፊት ለፊት ይገጥመናል። መንገዱ በግራ በኩል ነው፤ በቀኝ በኩል ለምግብ የሚሆን ዛጎል የሚያረቡ ሰዎች ጀልባ የሚጠልፍ ገመዳቸውን ዘርግተዋል። ኤደልሚራ መሪው አጠገብ ያለውን የካርታ ስክሪን አየች፤ የመንገዱ መስመር ወደ ቀኝ ይታጠፋል። መሪውን ወደ ቀኝ አዞረች። ኖልቤርቶ እየጮኸ ቀማት።

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል የተባለው ለዚህ ነው፣ ዋርሳዬ!» አላት፣ ሁሉም ተሳፋሪ እየሰማ።

አፌ ባልዲው ውስጥ ባይሆን ኖሮ መልስ ነበረኝ። ዛሬም ያንገበግበኛል። ደግነቱ፣ ኖልቤርቶ ለቀጣዩ ማክሰኞ ሁለተኛ ሙከራ ፈቀደላት።

እሑድ ከሰዓት የጀልባዋን መመሪያ መጽሐፍ በላስቲክ ጠቅልላ መጣች።

«ጎረቤቴ፣ ተነስ። ያንተ ዓይን ይሻላል፣ አንብብልኝ።»

«ጀልባዋ ላይ?»

«ታስራለች። ባልዲህን ተወው።»

ስክሪኑን ከፈትነው። አሥራ አንድ ትንንሽ ሣጥን ካርታውን ሸፍኖታል፤ ንፋስ፣ ባትሪ፣ ሰዓት፣ የውሃ ሙቀት፣ ሌላም ሌላም። ኤላዲዮ በቁጥር ካልታጀበ የሚሰምጥ ይመስለው ነበር። ኤደልሚራ ካርታውን ወረቀት ላይ እንድሥልላት አድርጋ ወደ አሮጌ አግዳሚዋ ሄደች፤ እንደ ልማዷ ፊቷን ወደ ኋላ አዙራ ተቀመጠችና ጭኗ ላይ ዘረጋችው።

«ይኸው! ከዚህ ሲታይ ልክ ነው!» አለች።

ያን ጊዜ ገባኝ። ካርታው ሰሜንን ሁልጊዜ ከላይ ነው የሚያሳየው። ወደ ቤት ስንመለስ ወደ ደቡብ ስለምንሄድ፣ መሪ ለያዘ ሰው ግራው ቀኝ ሆኖ ይታየዋል። ወንዶቹ ከልጅነታቸው በልባቸው እየገለበጡ ያነቡታል። እሷ ግን በመልሱ ጉዞ ሁሉ ፊቷን ወደ ሰሜን አድርጋ ስለኖረች ካርታው የሚስማማው ከአግዳሚዋ ጋር ነው።

መጽሐፉን ሳገላብጥ ገጽ አርባ ሦስት ላይ አገኘሁት፤ ካርታው ከጀልባዋ ጋር እንዲዞር፣ የምንሄድበት ሁልጊዜ ከላይ እንዲሆን ማድረግ ይቻላል። አደረግነው። ቀጥሎ ሣጥኖቹን በጣቷ ተጭና እየያዘች አንድ በአንድ ደበቀቻቸው። የውሃውን ጥልቀት ቁጥር የቡጢ ያህል አሳደገችው፣ ፍጥነቱን ከሥሩ አደረገች። የውሃ ሙቀቱን ደግሞ ጥግ ላይ ተወችው።

«ይሄ ምን ያደርግልሻል?»

«ምንም» አለች።

ኤላዲዮ ወሬውን ሲሰማ ማቴ የሚሉትን የቅጠል ሻይ እየጠጣ ነበር፤ መምጠጫውን ከአፉ አወጣ።

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፣ ሴትዮ! ሰሜንን ከቦታው ልታነሺ? ዓለምን ልታዞሪያት ነው?»

«ዓለምማ ባለችበት ናት። የምዞረው እኔ ነኝ።»

ሁለት ቀን አኮረፋት።

ማክሰኞ ከአቻዎ ስንመለስ ጭጋግ ወረደ። የጀልባዋ አፍንጫ እንኳ አይታይም። ፈርቼ ነበር፤ አልዋሽም። አለቱ ጋ ስንቃረብ ኖልቤርቶ በትከሻዋ በኩል ስክሪኑን አየ። መስመሩ ወደ ግራ ይታጠፋል። እሱን ግን የለመደው ነገር አልለቀው አለ፤ በልቡ ገለበጠው።

«ወደ ቀኝ! ቀኝ ነው የምልሽ!» ብሎ እጁን ወደ መሪው ሰደደ።

«እጅህን ኪስህ ክተት፣ ዋርሳዬ» አለችው፣ ድምፅዋን ሳትጨምር። ወደ ግራ አዞረች።

የጥልቀቱ ቁጥር ወርዶ ወርዶ ቆመ፤ ከዚያ ጨመረ። በቀኝ በኩል የዛጎል ገመዶቹ ተንሳፋፊ በርሜሎች ከጭጋጉ ውስጥ ብቅ አሉ፤ ልክ ኖልቤርቶ ሊወስደን ያሰበበት። አያቸው። እጁን ኪሱ ከተተ።

ወደቡ ላይ ኤላዲዮ በምርኩዝ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ኖልቤርቶ ቀድሞ ወረደ።

«ሥራው የእሷ ነው። ለስብሰባው እኔው እነግራለሁ» አለና ሳይዞር ሄደ። ሰውየውን ያከበርኩት ያን ቀን ነው።

ኤላዲዮ ደግፌው ወደ ጀልባዋ ወጣና ስክሪኑ ፊት ቆመ።

«ሰሜን የት ሄደ?»

«ከኋላችን።»

ጥጉ ላይ ያለውን ትንሽ ሣጥን አየ። «አሥር ነጥብ አራት» ብሎ አነበበ። «ይሄን ለምን አልደበቅሽውም?»

«ማታ ማታ ውሃው ስንት ነበር ብለህ ትጠይቀኝ የለ?»

 ኤላዲዮ አፍንጫውን በደህናው እጁ ጠረገ።

ሐሙስ ሰማዩ ጠርቶ ወደ ከተማ ስንነሳ ኤላዲዮ ሳይጋበዝ ተሳፈረ። ወደ መሪው አልሄደም። ከጎኔ፣ ሚስቱ ቦታ ላይ፣ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ ተቀመጠ። ቤቶቹ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ቢጫ ግንብ፣ የምድጃው ጭስ ሁሉ ቀስ እያሉ ራቁ። እሱ ዓይኑን አልነቀለም።

«ኤደልሚራ!» ብሎ ተጣራ። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይሄን ስታዪ ነው የኖርሽው?»

«ያንተን ጀርባ ከማይ ብዬ ነው!» አለች፣ ዓይኗን ከፊቷ ሳታነሳ።

ኤላዲዮ ሳቀ፤ ከታመመ ወዲህ ሲስቅ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ፊቴን አየና፣ በግራ እጁ ባልዲውን ያዘልኝ።