ቀጭኑ ወንድሜና የደም ግፊቱ

እሁድ ጠዋት ከጅማ በሚኒባስ ወደ ቦንጋ ተነሳሁ። ጉዳዬ አንድ ነው፤ ታላቅ ወንድሜን ጋሽ አሰፋን የደም ግፊት አስለክቼ መመለስ። እኔ ግፊትም ስኳርም አለብህ ተብያለሁ። አባታችንንም የወሰደብን ይኸው ግፊት ነው። ሐኪሜ «በዘርም ይመጣል፤ ወንድም ካለህ ይለካ» ስትለኝ እንቅልፍ አጣሁ። ጋሽ አሰፋ ማንኪራ ጫካ ውስጥ ረጅም ዛፍ እየወጣ ቀፎ ይሰቅላል። እዚያ ላይ ቢያዞረውስ?

ጎጀብ ሸለቆ ስንወርድ ሙቀት፣ ቦንጋ ስንገባ ዝናብ። ከቦንጋ በሞተር፣ ከዚያ በእግር ቀጠልኩ። ጭቃው ጫማዬን ሊያስቀረው ምንም አልቀረው።

ማንኪራ

«ሆድህ ደግሞ ጨመረ!» አለኝ ጋሼ ገና ሳንሳሳም። «ግፊት የከተማ ወፍራም በሽታ ነው። እኔን የት ያውቀኛል?»

የእኔን ስኳር ከሰማ ወዲህ እቤቱ ስኳር የሚባል እንደማይገባ ኮራ ብሎ ነገረኝ። ቡናውን የሚጠጣው በጨው ነው። ቆንጥሮ ጨመረ፤ ቀምሶ ደገመ። ኧረ በሕግ! ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው።

ሚስቱ እትዬ አስካለ አላስቻላትም። «ሰሞኑን ዛፍ ላይ አዙሮት ግንዱን አቅፎ ቆየ። እንዳትነግሪው ብሎኝ ነው» አለችኝ።

ጋሼ አቀረቀረ። እኔ ደነገጥኩ፤ ተናደድኩም። በማግሥቱ ቦንጋ ወርዶ እንዲለካ እሺ አሰኘሁት።

ሰኞ፣ ቦንጋ

ክሊኒኩ ውስጥ ነርሷ ለካችው፤ አሳርፋ ደገመችው። ስኳሩ ደህና ነው፤ ግፊቱ ግን በጣም ከፍ ብሏል።

«እኔ? እንዲህ ቀጥኜ?» አለ።

ነርሷም «ዘርም አለበት፣ ጋሼ። አንድ ጂን፣ አንድ የዘር ቅንጣት ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጥቃቅን ልዩነቶች ተደማምረው ነው ግፊቱን ከፍ የሚያደርጉት። የአንዳንዱ ሰው ኩላሊት ጨው ይዞ ያስቀራል፤ የአንዳንዱ ሰውነት ስኳርን የሚቆጣጠረውን ኢንሱሊን አልታዘዝ ይላል፤ ስኳር የሚመጣው እንደዚያ ነው። ወንድማማቾችም እኩል አይወርሱም። ግን ዘር ብቻውን አይወስንም። ጨው ይቀንሱ፤ ሐኪሙ የሚያዝልዎትን ክኒን አያቋርጡ።»

ሐኪሙ ያዘዘለትን ክኒን ይዘን ስንወጣ ጋሼ ቆም አለ። «የአባታችንን የቡና መሬት ሽማግሌ አካፈለን። ይሄንን ማን አካፈለን?»

ሳቅን። መናኸሪያ ሲሸኘኝ «ዘንድሮ ቀፎውን የመንደሩ ጎረምሶች ይስቀሉት» አለኝ። አመሰገንኩት።

ጅማ

ቤት የደረስኩት ሲመሻሽ ነው። በር የከፈተችልኝ ልጄ ሠናይት ናት፤ ሥራ የያዘች፣ ሮጣ የማትደክም፣ እንደ አጎቷ ቀጭን። እስከዚያ ቀን ስለ እሷ አንዴም ሰግቼ አላውቅም።

«ነገ አብረን እንሄዳለን» አልኳት።

«የት?»

«ግፊትሽን ትለኪያለሽ።»

«እኔ? እንዲህ ቀጥኜ?» አለችና ሳቀች።