ለወንድሜ ሐሳብ ሽማግሌ ይዤ የሄድኩ ዕለት

ታላቅ ወንድሜ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የምንወድቀው መሬት ስለሚስበን አይደለም ይል ነበር። አየሩ ነው ከላይ የሚጫነን። ዌርሃውስ ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ሲነዳ ይውልና እዚህ ሰው አገር፣ ዋይትሆል ሠፈር ካለው አፓርታማችን ሲገባ፣ ጫማውን ሳያወልቅ ይጀምራል። ለዩኒቨርሲቲ ሰዎች ስንቴ ኢሜይል አድርጓል። አንዱ "ስለ ፍላጎትዎ እናመሰግናለን" አለው። ሌሎቹ ዝም።

"ተሳስተሃል ይበሉኝ" ይል ነበር። "ግን የቱ ጋ?"

በጥር አረፈ። በድንገት። ስለዚያ ብዙ መጻፍ አልችልም። ጥያቄው ግን እኔ ጋ ቀረ።

የከተማው ዩኒቨርሲቲ አንዳንድ ቅዳሜ ቤተ ሙከራውን ለሕዝብ ይከፍታል። ብቻዬን መሄድ ፈራሁ። እንግሊዝኛ አላነሰኝም፤ ሃይስኩል እዚሁ ነው የጨረስኩት። ድፍረት ነው ያነሰኝ። ስለዚህ ሽማግሌ ያዝኩ። ጎረቤታችን ጋሼ ስንት ባልና ሚስት አስታርቀዋል። ጋቢያቸውን ጃኬታቸው ላይ ደርበው መጡ።

ፊዚክስ የምታስተምር ሴትዮ ተቀበለችንና ወንበር አሳየችን። ጋሼ አልተቀመጡም።

"ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም በላት።"

ተረጎምኩ። ግራ ገባትና እሷም ተነሣች። ሦስታችንም እንደቆምን የወንድሜን ሐሳብ አስረዳኋት። አልሳቀችም። "በጣም ደስ ይላል" ብላም አልሸኘችኝም።

"ወንድምህ ልክ ከሆነ፣ አየር በሌለበት ቦታ ዕቃ ምን ይሆናል?"

አሰብኩ። "አይወድቅም። ይንሳፈፋል።"

"እንግዲያው እንየው።"

ላባና ሳንቲም ያለበት ረጅም የመስታወት ቱቦ አመጣች። አየሩን በፓምፕ አወጣችና ገለበጠችው። ላባው እንዲንሳፈፍ በልቤ ጸለይኩ፤ እውነቴን ነው። እንደ ድንጋይ ወረደ። ከሳንቲሙ እኩል።

"እሱ ቢኖር አሁን ምን ይል ነበር?" አለችኝ።

"ፓምፑ በደንብ አልሠራም ይል ነበር።"

"ይጠይቅ፤ መጠየቅ አለበት።" ትንሽ አየር መለሰችና ገለበጠችው። ላባው ዘገየ። ጨመረች፤ ይበልጥ ዘገየ። አየሩ ወደ ታች አልገፋውም፤ ያዘው እንጂ።

"አየር ይጫናል፤ እዚህ ላይ ልክ ነው" አለች። "ግን ከላይ ብቻ አይደለም፤ ከሥርም ከጎንም ነው። የተሳሳተው እዚህ ጋ ነው።"

ይህን ስተረጉምላቸው ጋሼ ወንበሩን ስበው ተቀመጡ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ "ተሸነፍን?" አሉኝ።

"ተሸነፍን፣ ጋሼ።"

"ይሁን። በወጉ ነው የተሸነፍነው።" ከዚያ ቀጠሉና፣ "እኔን ግን የሚመስለኝ፣ የሚስበን መሬት ውስጥ ያለው ሙቀት ነው።"

ሳቄ መጣ። ከጥር ወዲህ የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

"እሺ ጋሼ፣ ልክ ከሆኑ ምን እናያለን?"

እስከ ዋይትሆል ድረስ አሰቡ።

"በበጋ መሬቱ ሲሞቅ ልንከብድ ነዋ" አሉ ከመኪናው ሲወርዱ። "ሚዛን አለህ?"